ጋሽ ይቀነስና የአንድ ቃል ማኅተም

ሰው ሁለት ጊዜ ስም ይወጣለታል፤ አንዱን ወላጆቹ ያወጡለታል፣ ሁለተኛውን ሥራው። የክሊኒኩ አስተርጓሚ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮት ቁጥር ሦስት ተቀምጠው፣ ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ምክር ለበሽተኛው በአማርኛ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ሐኪም ደግሞ አመሉ ነው፣ ከሚጨምረው የሚያስቀረው ይበዛል፤ ጨው አሳንስ፣ ሲጋራ ተው፣ ውኃ ገድብ፣ ክኒኑን ዝቅ አድርግ ይላል። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ እየጻፉ እጃቸው ሲዝል ጊዜ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ «ይቀነስ» የሚል የጎማ ማኅተም አስቀረጹ። ከዚያ ወዲህ የነገሩን ስም በእጃቸው ይጽፉና ከጎኑ ማኅተሙን ዱብ ያደርጉበታል፤ በሽተኛውም ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እጅ ነስቶ ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ ጋሽ ይቀነስ ያላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። ቁመታቸው ረዘም፣ ኮታቸው ንጹሕ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነበር፤ የሚመኩትም በሁለት ነገር ነው፤ ወረፋ ባለማስረዘማቸውና ዘመድ ከባዳ ባለመለየታቸው። አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ሲታመሙ እንኳ በጓሮ በር አላስገቧቸውም። እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፈው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ወረቀታቸው ታትሞላቸው ወደ ቤት ሄዱ። ይህን ያየ ሁሉ «እውነተኛ ሰው!» ብሎ አደነቀ። እውነተኛነታቸውን እኛም አንክድም። ግን እውነተኛ ሰውም ይሳሳታል፤ የሱ ስሕተት ደግሞ ማንም ስለማይጠረጥረው ዕድሜው ይረዝማል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማኅተሙ ፊደል ተልጦ «ነ» መታየት ስላቆመች፣ አዲስ ሊያስቀርጹ ወደ ማኅተም ቀራጩ ሱቅ ሄዱ። ሱቁ ከአንድ አልጋ የማይሰፋ፣ በጎማ ፍርፋሪና በቀለም ጠርሙስ የተሞላ ነው። ገና ከመግባታቸው ዝናቡ ወረደ፤ አንዲት ወጣት ሴትም አቃፊ ደረቷ ላይ ለጥፋ ከኋላቸው ዘው አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንተኛው ነው?» አለ ቀራጩ የተላጠውን ማኅተም እያገላበጠ።

«ስድስተኛው።»

«እንዲያው ሕዝቡ ይህን ያህል ጊዜ ቀንሶ ቀንሶ ምን ተረፈው?»

«ጤናው ተረፈው» አሉ ጋሽ ይቀነስ ሳይስቁ።

ቀራጩ ወደ ወጣቷ ዞሮ፣ «የአንቺም ደርሷል፤ ግን አራት መስመር በዚህች ጎማ ላይ ማስገባት ዓይኔን ሊያወጣው ነበር» አለና ማኅተሙን በወረቀት ላይ አሳርፎ አሳያት። ጋሽ ይቀነስ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አነበቡ፤ «ስንት? በየስንት ቀኑ? እስከ መቼ? ቢብስብዎ ለማን ይነግራሉ?» ይላል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ለፊት ባዶ መስመር አለ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና» አሉ፣ «ማኅተም የሚቀረጸው እጅ እንዲያርፍ ነው። ይሄ ያንቺው ግን ተመትቶም ገና መጻፍ ይፈልጋል። ምን ጥቅም አለው?»

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ እጅ አያሳርፍም» አለች ወጣቷ በአክብሮት። «እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ሰፈር ባለው ክሊኒክ መድኃኒት ክፍል ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፤ እስከ አሁን መድኃኒት ከማደልና ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ ከማስተካከል ስላልወጣሁ ከሠራተኞቹ ጋር ገና አልተዋወቅሁም። ከበሽተኞቹ ወረቀት ጋር ግን ተዋውቄያለሁ። ሁሉም ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ‹ይቀነስ›። ያን ቃል የሚያግዝ ነገር መፈለግ ግድ ሆነብኝ።»

ቀራጩ ሳል ሳል አለው። ጋሽ ይቀነስ ግን በዓይናቸው ገሠጹትና ዝም አሰኙት። ሰው እሱ በሌለበት ስለ እሱ የሚባለውን መስማት ይወዳል፤ ጆሮውን የሚያቃጥለው መሆኑን እያወቀ እንኳ ይወዳል።

«ታዲያ አንድ ቃል ምን አጠፋ?» አሉ በርጩማ ስበው እየተቀመጡ። «‹ለብልህ አይነግሩትም፣ ለአንበሳ አይመትሩለትም› ይባላል። ቀንስ የተባለ ሰው ይቀንሳል።»

«ብልህ መሆኑን በምን እናውቃለን ጋሼ? የታመመ ሰው ብልሃቱም አብሮት ይታመማል። እስቲ ይህችን ይመልከቱ።» ከአቃፊዋ ወረቀት መዘዘች። «የአንድ ሾፌር ናት። ‹ሲጋራ ይቀነስ› ትላለች። ሰውዬው በቀን ሃያ ያጨስ ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት አድርሶታል። መድኃኒት ሊወስድ ሲመጣ ደረቱን ነፍቶ ‹ታዝዣለሁ› አለኝ። ሐኪሙ የጻፈው ግን ‹ካት አውት› ነው። እንግሊዞች ይህን የሚሉት አንድን ነገር ከኑሮህ ነቅለህ አውጣ፣ አንድም አይቅር ለማለት ነው። አሥራ አምስት ቀርቶ አንድም አልፈቀደለትም።»

«አምስት መቀነሱ ራሱ በጎ ነገር አይደለም?»

«በጎ ነው። ‹ካት ዳውን› ተብሎ ቢሆን ኖሮ ይመሰገን ነበር። ይህኛው ከለመድከው አሳንስ ማለት ነው፤ ለጨው፣ ለስኳር፣ ለቅባት ይነገራል፤ ጨርሰህ ተው አይልም። ሁለቱ በእንግሊዝኛ በአንዲት ትንሽ ቃል ነው የሚለያዩት፤ በሰውዬው ሳንባ ላይ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ነው።»

ጋሽ ይቀነስ ዝናቡን ተመለከቱ፤ አላባራም። መቼም ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር በአንድ ከሰዓት በኋላ አይለቁም።

«እንግሊዞች ወሬ ያበዛሉ» አሉ። «ለአንድ ሥራ አሥር ቃል ይፈጥራሉ። እኛ ደግሞ ቁጥብ ሕዝብ ነን። አሥሩን በአንድ ብናስረው ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

«ማን ነው ቃል ያነሰን ጋሼ?» አለች ፋርማሲስቷ ፈገግ ብላ። «መቀነስ አለ፣ መገደብ አለ፣ መመጠን አለ፣ መግታት አለ፣ መቆጠብ አለ፣ መተው አለ፣ መከልከል አለ። እናቴ አንድ ቀን ሙሉ ስትቆጣኝ ውላ አንዱን ቃል ሁለቴ አትደግመውም ነበር። ድሆቹ እኛ ሳንሆን ወረቀቶቻችን ናቸው።»

ቀራጩ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ይቀነስ አልሳቁም፤ ግን በልባቸው፣ ይቺ ልጅ ምላሷ አያርፍም፣ አእምሮዋም እንዲሁ አሉ።

«እሺ፣ አስተምሪኝ» አሉ እንደ መቀለድ አድርገው። «‹ሊሚት› የሚለው ከ‹ሪዱስ› በምን ይለያል? እኔ ሁለቱንም አንድ ነው ባይ ነኝ።»

«‹ሪዱስ› ከነበረው ዝቅ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከየት ወዴት የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። እንግሊዞች ‹ሪዱስ ባይ ቱ› ሲሉ ሁለት አጉድል ማለታቸው ነው፤ ‹ሪዱስ ቱ ቱ› ሲሉ ግን ሁለት እስኪቀር አውርድ ማለታቸው ነው። እኛም በሁለት ቀንስና ወደ ሁለት ቀንስ ብለን እንለየዋለን፤ የሚጽፈው ካለ። ‹ሊሚት› ደግሞ ወሰን ነው። ከዚህ መስመር አትለፍ ይላል እንጂ ከበፊቱ አሳንስ አይልም። አንዲት ልቧ የደከመ እናት አሉ፤ ሐኪሙ ውኃቸውን በቀን በአንድ ሊትር ተኩል ገድቦታል። ወረቀቱ ላይ ‹ውኃ ይቀነስ› ይላል። ሦስት ሊትር ይጠጡ የነበሩት ሁለት ተኩል አደረጉ። ቀንሰዋል! እግራቸው ግን ጫማ እስከማያስገባ ድረስ አብጧል።»

«ሐኪሙ ቁጥሩን ጽፎት ነበር?» አሉ ጋሽ ይቀነስ። ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ።

«ጽፎታል። በእንግሊዝኛው ላይ አለ። ወደ አማርኛው አልተሻገረም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በእውነት ለመናገር፣ ጋሽ ይቀነስ ቁጥሩን ሳያዩት ቀርተው አልነበረም። ሁልጊዜም ያዩት ነበር። ነገር ግን በቀን ሰማንያ ሰው በመስኮቱ ፊት ሲቆም፣ ሰማንያ ቁጥር ለሰማንያ ሰው ማስረዳት አይቻልም ብለው ከወሰኑ ዓመታት አልፈዋል። ሰው አንዴ የወሰነውን ነገር ዳግመኛ አይመረምረውም፤ ጥፋታችን ሁሉ የሚያረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን መስኮት አላየሽው ይሆናል። አስተርጓሚው አንድ ነው። ሰዉ ጠዋት በጨለማ ይሰለፋል። ለእያንዳንዱ ይህን ሁሉ ቢያወራለት የኋለኛው ሳይደርሰው ይመሻል። ደግሞም፣ ማነስ ማንን ጎዳ? ያነሰ ጨው፣ ያነሰ ስኳር፣ ያነሰ ክኒን። አብዝቶ ነው እንጂ አሳንሶ የሞተ አላየሁም።»

«ያነሰ ክኒን?» አለች ፋርማሲስቷ። ፈገግታዋ ጠፋ። «ጋሼ፣ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ‹ቴፐር› የሚባል ቃል አለ። እንደ ሻማ ጫፍ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚያልቅ ነገር ነው። ሐኪም ይህን የሚጽፈው በድንገት መቆም ለሌለበት መድኃኒት ነው። ለመገጣጠሚያ እብጠት ለወራት የሚሰጥ ክኒን አለ፤ ያንን የለመደ ሰውነት፣ ይህማ ከውጭ ይመጣልኛል ብሎ የራሱን ሥራ ይተዋል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እየተባለ ይወርዳል። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› እንላለን አይደል? ሰውነቱ በእግሩ እስኪሄድ መታገሥ ነው። ‹ይቀነስ› ተብሎ በአንድ ቀን ከተቆረጠ ግን...»

«ከተቆረጠ ምን ይሆናል?»

«መጀመሪያ ድካም ነው፤ ሰዉ እርጅና ይለዋል። ከዚያ ምግብ ማስጠላት፣ ማስመለስ። ሲነሡ ዓይን ይጨልማል። ሳይታወቅ ከቆየ ይገድላል።»

ጋሽ ይቀነስ ከበርጩማው ተነሡ። የዚያን ዕለት ጠዋት እህታቸው ቁርሳቸውን ገፍተው፣ «ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ እርጅና ነው» ብለው ነበር። እሳቸውም «በርቺ እትዬ» ብለዋቸው ወጥተዋል። ትናንት አስመልሷቸዋል። የእህታቸው በሽታ የመገጣጠሚያ እብጠት ነው። በወረቀታቸውም ላይ፣ ከአሥራ ስድስት ቀን በፊት፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት፣ በገዛ እጃቸው...

«ልጄ» አሉ ወደ በሩ እየተራመዱ። «ያ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። እህቴ ያን ክኒን ትወስዳለች። እባክሽ ተከተይኝ።»

ፋርማሲስቷ ለማፈር ጊዜ አልነበራትም። አቃፊዋን ለቀራጩ ወርውራ በዝናቡ ተከተለቻቸው። ጋሽ ይቀነስ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው መሆናቸውን ረስተው ይሮጡ ነበር፤ ያ ሁልጊዜ የሚጠነቀቁለት ኮት በጭቃ ተረጨ፤ ዞር ብለውም አላዩት።

እትዬን ያገኟቸው ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ የአልጋውን እግር እንደያዙ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ወጣቷ ጎንበስ ብላ የእጃቸውን ትርታ ያዘች።

«እማማ፣ ክኒኑን በቀን ስንት ይወስዱ ነበር?»

«ስድስት» አሉ እትዬ በቀጭን ድምፅ።

«አሁንስ?»

እትዬ ወደ ወንድማቸው ቀና አሉ። በዚያ ሕመም ውስጥ እንኳ ፊታቸው ላይ ትንሽ ኩራት ታየ። «ወንድሜ ‹ይቀነስ› ብሎ አተመልኝ። እኔ መቼም ከታዘዝኩት አላጎድልም። በማግስቱ አንድ ብቻ አደረግሁት። ሳምንት ሲሞላው እሱንም ተውኩት። ይኸው የተረፈው በቆርቆሮዋ ውስጥ አለ፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ።»

ጋሽ ይቀነስ ቆርቆሮዋን ከፈቱ። በክኒን ሞልታለች። ያቺን ቆርቆሮ ባያዩ በወደዱ ነበር።

የጎረቤት መኪና ለምነው ክሊኒኩ አደረሷቸው። ተረኛዋ ሐኪም ከውጭ አገር የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ ሴት ናት። እትዬ ክኒኑን ማቆማቸውን ከፋርማሲስቷ ሰምታ የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ዓይናቸውን አየች፣ መርፌና ጉሉኮስ አዘዘች። ከዚያም ወደ አስተርጓሚው ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፤ «ለምን አቆመች? ማን አቁሚ አላት?»

አስተርጓሚው ጥያቄውን ለእህታቸው በአማርኛ አቀረቡ። ሥራቸው ነውና።

«ወንድሜ ነዋ» አሉ እትዬ። «ወንድሜ ‹ይቀነስ› ብሎ ጻፈልኝ።»

እንግዲህ ይህን መልስ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ የሳቸው ፈንታ ነበር፤ ፋርማሲስቷም ልትቀድማቸው አልፈለገችም። ጋሽ ይቀነስ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ፋርማሲስቷን አዩ። «በስሕተት ነው» ብለው ማሳጠር ይችሉ ነበር፤ ማሳጠር ደግሞ የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነው። እሳቸው ግን አላሳጠሩም። ወንድሟ እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እየቀነሰች ትውረድ ብሎ ጽፎ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ቃል ብቻ አተምኩላት፣ በሌሎችም ላይ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስተረጉሙ ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግረው አያውቁም። ሐኪሟ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «መጀመሪያ እህትዎን እናትርፍ» አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። በማግስቱ እሑድ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሳቸው ላይ ስትወድቅ፣ እትዬ ትራስ ተደግፈው ሻይ ጠየቁ። ጋሽ ይቀነስ ብርጭቆውን ይዘውላቸው ተቀመጡ፤ ፋርማሲስቷም ልትጠይቃቸው መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«እትዬ» አሉ ጋሽ ይቀነስ፣ «እኔ ላንቺ ምን ልበልሽ? በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ቤት ውስጥ እያደርን፣ ‹ስንት ልቀንስ?› ብለሽ እንዴት አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም?»

እትዬ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበሉ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ ጽፈኸው ምን ብዬ ልጠይቅ? የተማርከው አንተ። መስኮቱ ጋ ስቆም እንኳ አሳፍረው ይሆን እያልኩ ነው የምቆመው። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ‹ስንት?› ብሎ አፉን ሲከፍት ‹የሚቀጥለው!› አልክ። እኔም አየሁ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቅሃል?»

ጋሽ ይቀነስ አለቀሱ። እህታቸው ፊት ካለቀሱ ዘመናት አልፈዋል፤ እትዬም እንደ ልጅነታቸው ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉላቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ከፋርማሲስቷ ጋር በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ትናንት ‹ማነስ ማንን ጎዳ?› ብዬሽ ነበር» አሉ። «መልሱን አገኘሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር ይከብደኛል። ልቤ አምኗል፤ ወረፋው ግን አላመነም። ሰማንያ ሰው አለ። እንዴት አድርጌ ላዳርሰው?»

«ጋሼ፣ በትክክል የሰማ ሰው ስንት ጊዜ ይመለሳል?»

«እኔ እንጃ።»

«ያልሰማው ግን ይመለሳል። እግራቸው ያበጠው እናት በአንድ ወር አራት ጊዜ ተሰልፈዋል። ሾፌሩ ሦስት ጊዜ። ከሰማንያው ውስጥ ስንቱ ትናንት የተነገረው ሳይገባው ቀርቶ ዛሬ የመጣ እንደሆነ ቢቆጥሩት፣ ወረፋውን ያስረዘመው ማሳጠርዎ ሆኖ ያገኙታል። ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ነው ነገሩ። ደግሞ ብቻዎን አይደሉም፤ የክኒኑን ጉዳይ እኔ በመድኃኒት ክፍሉ አስረዳለሁ። እርስዎ የሐኪሙን ቃል ሙሉውን ያሻግሩልኝ እንጂ።»

«ሙሉውን ማሻገር...» አሉ ጋሽ ይቀነስ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ቃሉን አውቀው ነበር። ‹ሪስትሪክት›ንም፣ ‹ከርብ›ንም ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ደንብ አውጥቶ መከልከል ነው፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ይላል ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላደረገ ሰው። ሁለተኛው ልጓም ይዞ መግታት ነው፤ ባለሥልጣን በጋዜጣ ላይ ያበዛዋል፣ ሐኪምም አልፎ አልፎ አብዝቶ ለሚበላ ሰው ይጽፈዋል፤ በክኒን ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም። ያላወቅሁት ሰውዬውን ነበር። ቃሉን አውቄ ሰሚውን ሳላውቅ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተረጎምኩ።»



ሰኞ ጠዋት መስኮት ቁጥር ሦስት ሲከፈት ሰዉ ግራ ተጋባ። ጋሽ ይቀነስ መስኮቱ ውጭ ወንበር አስቀምጠው፣ ተራ የደረሰውን ሁሉ «ይቀመጡ» ይሉ ጀመር። የሐኪሙን ምክር ከእንግሊዝኛው በሙሉ ያነቡለታል፤ መተው ያለበትን ተው፣ መገደብ ያለበትን እስከዚህ ድረስ ብቻ፣ ቀስ እያለ መውረድ ያለበትን በየስንት ቀኑ ስንት እንደሆነ ይነግሩታል፤ ፋርማሲስቷ ባስቀረጸችው ማኅተም ባዶ መስመሮች ላይ ቁጥሩን በትልልቁ ይጽፉለታል፤ የማያነብ ከሆነ ክኒኖቹን በመስመር ይሥሉለታል። በመጨረሻም «እኔ እንደ ነገርኩዎ ሳይሆን፣ ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት አድርገው ይንገሩኝ» ይላሉ። ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር። ብዙው ሰው «ገብቶኛል» ብሎ አንገቱን ነቅንቆ፣ እንዲናገር ሲጠየቅ ግን ግማሹ ነገር ከአፉ ይጠፋዋል። ያኔ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ጭቅጭቅ የበዛበት ነበር፤ ሐሰት አንጽፍም። ወረፋው እስከ ግቢው በር ደረሰ፤ «ጋሽ ይቀነስ ምነው ጋሽ ይጨመር ሆኑ?» ብለው ያጉረመረሙም ነበሩ። በሁለተኛው ወር ግን ጠዋት በጨለማ የሚሰለፍ ሰው ማነሱን ዘበኛው ራሱ መሰከረ። እግራቸው ያበጠው እናት ውኃቸውን በአንድ ጠርሙስ ለክተው ከዚያ አናልፍም ስላሉ ጫማቸውን ማድረግ ቻሉ። ሾፌሩ ሐኪሙ ያለው ሙሉ በሙሉ መተው መሆኑን ሲሰማ ተቆጣ፤ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተወው። እትዬም በየሁለት ሳምንቱ አንዲት ክኒን እየጎደለች፣ ሰውነታቸውም በራሱ መሥራትን እየለመደ ሄደ። ዛሬም ሲሰለፉ ወንድማቸው ዘመድ ከባዳ አይለዩም፤ ለሁሉም እኩል ያስረዳሉ እንጂ እንደ ድሮው ሁሉንም እኩል አያሳጥሩም።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው የእንግሊዝኛ ቃላትን ልዩነት ብቻ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ዋጋ አለው። የሌላውን ቋንቋ ለወገኑ የሚያሻግር ሰው፣ ቃሉን ከነልኩ፣ ከነጊዜው፣ ከነወሰኑ ማድረስ ይገባዋል። ስንት፣ በየስንት ቀኑ፣ እስከ መቼ የማይል ምክር ግማሽ ምክር ነው፤ ግማሽ ምክር ደግሞ ከዝምታ ይከፋል፤ ዝም የተባለ ሰው ይጠይቃልና፣ ግማሹን የሰማ ግን የሰማ ይመስለዋል። ዐዋቂም ብትሆን መስኮትህን ጠያቂ የማይፈራው አድርገው፤ ያልተጠየቀ ዕውቀት ስሕተቱን የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

በቅርቡ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ተራቸው ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ይቀነስ አስረድተዋቸው፣ እሳቸውም በቃላቸው መልሰው፣ ወረቀታቸውን አጥፈው ሊነሡ ሲሉ ቆም አሉ። ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ» አሉ ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደፍሬ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

ጋሽ ይቀነስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ደፍረው አይደለም» አሉ። «እንዲያው ይጠይቁኝ።»